«ትይዛለች» ስንል፦ የድሮ ስፖርት ሴዳኖችና የሙገሳ ቋንቋ

ስለ መኪና ከሚጻፉ ነገሮች ውስጥ አንድ የማልወደው አባባል አለ። «ኩርባ ላይ ሐዲድ ላይ እንዳለ ባቡር ነች» ይላል። በተለይ የ1980ዎቹ የአውሮፓ ስፖርት ሴዳኖች ሲነሱ ይህ አባባል ሳይገባበት የሚያልቅ ጽሑፍ ጥቂት ነው። እኛም ሰፈር የራሳችን አለን፤ «የጀርመን መኪና መሬት ቆንጥጣ ነው የምትይዘው» እንላለን። ከመኪኖቹ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ከሙገሳው ጋር ነው፤ አንድ ጊዜ አምኜው ታናሽ ወንድሜን ልገድለው ነበርና።

ከሦስት ክረምት በፊት ነው። ዝናቡ ገና እንዳባራ ከእንጦጦ እየወረድን ነበር። መኪናዋ በዕድሜ እኔን የምትበልጥ፣ ሞተሯ የኋላ ጎማዎቿን የሚያሽከረክር የጀርመን ሴዳን ነበረች። ኩርባው ውስጥ ከገባሁ በኋላ ፍጥነቴ እንደበዛ ገባኝ፤ ደነገጥኩና እግሬን ከነዳጁ ላይ ባንዴ አነሳሁ። ኋላዋ ወጣ። ግማሽ ዙር ዞረን የአፈር ግድግዳ ተደግፈን ቆምን። ወንድሜ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ትይዛለች ብለኸኝ ነበር» አለኝ። በማግስቱ ጎሚስታው የኋላ ጎማዎቹን አየና ሳቀ፤ ሊሾ ነበሩ። ያንን ችላ ያልኩት እኔው ነኝ።

«ትይዛለች» ስል ግን ምኗ ነበር የሚይዘው?

በዚህ ቃል ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተደባልቀዋል። አንዱ መያዝ ነው፤ ጎማውና መሬቱ ሳይላቀቁ የሚችሉት የጎን ኃይል። ሁለተኛው መታዘዝ ነው፤ መሪውን ስታዞር፣ ነዳጅ ስትሰጥ ወይም ስትለቅ መኪናዋ ምን መልስ ትሰጣለች? በምን ያህል ፍጥነት? ምን ያህልስ አስቀድማ ትነግርሃለች?

መያዝ በቁጥር ይለካል። የኩርባው ራዲየስ 50 ሜትር ነው እንበል። ጎማው የመሬት ስበትን 0.8 እጥፍ የሚያህል የጎን ኃይል ከቻለ፣ ሳትወጣ የምትዞርበት ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 71 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ዘመናዊ ጎማ አስገብተህ 0.95 ብታደርሰው 78 ይሆናል። መንገዱ ረጥቦ ጎማው ደግሞ አልቆ ወደ 0.4 ቢወርድስ? 50። በዚህ ሒሳብ ውስጥ የመኪናዋ ስም የትም አልገባም። የሞላው፣ የአሞርዛተሩና የክብደት ክፍፍሉ ሥራ ለአራቱ ጎማዎች ሸክማቸውን በደንብ ማካፈል ነው፤ ጎማው የሌለውን ግን ሊሰጡት አይችሉም። ስለዚህ «የድሮዎቹ የተሻለ ይይዙ ነበር» የሚለው ትዝታ እንጂ ፊዚክስ አይደለም። ዛሬ ጥሩ ጎማ ያደረገ ተራ የቤተሰብ መኪና በመያዝ ብዙዎቹን የያኔ ጀግኖች ይበልጣቸዋል።

የሐዲዱ ምሳሌ ደግሞ ከማጋነንም አልፎ ስህተት ነው። ባቡር የሚዞረው ብረቱ ስለሚመራው ነው። የመኪና ጎማ ግን የጎን ኃይል የሚያመነጨው በመጠኑ ሲንሸራተት ነው፤ ጎማው የሚያይበት አቅጣጫና በእርግጥ የሚሄድበት አቅጣጫ በጥቂት ዲግሪ ይለያያሉ። ያ ልዩነት ከሌለ መዞር የለም። ልዩነቱ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ደግሞ ኃይሉ መቀነስ ይጀምራል። ጥሩ መኪና ማለት እንግዲህ ወደዚያ ጫፍ ስትቀርብ የምትነግርህ ናት። የሐዲዱ ሙገሳ ያጠፋብን ይህንን ነው። ሾፌሩ ማዳመጥ ያለበትን ነገር የለም ይለዋል።

ስለ መታዘዝ ለማውራት ሁለት መኪኖችን ጎን ለጎን ማንበብ ይጠቅማል። መርሴዲስ 190ኢ እ.ኤ.አ. በ1982 መጨረሻ ሲወጣ የኋላ እያንዳንዱን ጎማ በአምስት ዘንጎች ያዘው። ሐሳቡ ቀላል፣ አሠራሩ ከባድ ነው፤ ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች ሲል የሚያይበት አቅጣጫ እንዳይዛባ። በኮስወርዝ የተሠራ 16 ቫልቭ ቴስታታ የተገጠመለት 2.3-16 በዚሁ ላይ ተመሠረተ። የቢኤምደብሊው ኢ30 የኋላ ጎማ ግን በአንድ ሰያፍ ክንድ የተያዘ ነው። ሾፌሩ ኩርባ መሐል ነዳጅ ሲለቅ ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል፣ ኋላው ይቀላል፣ ከፍ ይላል፤ ያኔ ክንዱ ጎማውን በጥቂቱ ያጣምመዋል። እኔ እንጦጦ ላይ የሠራሁት ይህንኑ ስህተት ነው።

በወረቀት ላይ አሸናፊው መርሴዲሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የቀረበው ኤም3 ግን ያንኑ ክንድ ይዞ፣ ጠንከር ባለ ሞላ፣ ፈጠን ባለ መሪና ሰፋ ባለ ጎማ፣ በዓመቱ የዓለም የቱሪንግ መኪኖች ሻምፒዮና ላይ ነገሠ። ብዙ ተቺዎች ከዚህ «እንግዲያው ኤም3 ይበልጣል» ብለው ይዘጋሉ። እኔ የማነበው ሌላ ነው። መርሴዲሱ ሾፌሩ እንደሚሳሳት ገምቶ የተሠራ ነው። ኤም3 ደግሞ ሾፌሩ ሥራውን እንደሚያውቅ ገምቷል። ሁለቱም ሐቀኛ መኪኖች ናቸው። ሐቀኛ ያልሆነው ሁለቱንም «ትይዛለች» ብሎ የሚያልፈው ጽሑፍ ነው።

ስለ ሾፌር ካነሳን ግንቦት 12 ቀን 1984 እ.ኤ.አ. አለች። አዲሱ የኑርበርግሪንግ ትራክ ሲመረቅ ታዋቂ ሯጮች ተመሳሳይ 190ኢ 2.3-16 ተሰጣቸው። ላውዳ ሁለተኛ ወጣ። ያሸነፈው ገና የመጀመሪያ የፎርሙላ ዋን ዓመቱ ላይ የነበረው አይርተን ሴና ነው። መኪናው አንድ ዓይነት ከሆነ ልዩነቱን ያመጣው ምንድን ነው? ማዳመጥ፣ ይመስለኛል።

እኔ ኮድ ጸሐፊ ነኝ፤ ስለዚህ ዛሬ ሶፍትዌር መሪውን እያነበበ እያንዳንዱን ጎማ ለብቻው ፍሬን ሲያስይዝ «መንዳት ሞተ» ብዬ አላለቅስም። እንጦጦ ላይ ኢኤስፒ ቢኖረኝ ኖሮ ወንድሜ ላይደነግጥ ይችል ነበር። የድሮዎቹ ሴዳኖች ዋጋ የሚያድኑን በመሆናቸው አይደለም። ምን እየሆነ እንዳለ በመሪውና በወንበሩ በኩል ቁልጭ አድርገው ስለሚነግሩን ነው። መናገር ግን ማዳን አይደለም። እኔም ያን ቀን የተነገረኝን አልሰማሁም፤ ጆሮዬ በሙገሳ ተይዞ ነበር።

መኪናዋን አልሸጥኳትም። አራት አዲስ ጎማ አስገባሁላት። ወንድሜ አሁንም አብሮኝ ይወጣል፤ ከመነሳታችን በፊት ግን ጎንበስ ብሎ ጎማዎቹን በጣቱ ይዳብሳል። እስካሁን ካየሁት የመኪና ሂስ ሁሉ የሱ ይሻላል።