«ባለቤት» ወይስ «ባለይዞታ»? በጋራ ኮምፒዩተር ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሂስ

እ.ኤ.አ. በ1969 በቤል ቤተ ሙከራ የተጀመረው ዩኒክስና ፈለጉን የተከተለው ሊኑክስ አንድን ኮምፒዩተር ለብዙ ሰዎች ያጋራሉ። በእነርሱ ዘንድ እያንዳንዱ ፋይል አንድ ባለቤትና አንድ ቡድን አለው፤ ለባለቤቱ፣ ለቡድኑና ለሌሎች የማንበብ፣ የመጻፍና የማስኬድ ፈቃድ ለየብቻ ይመዘገባል። ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ 1 ተብለው ስለሚደመሩ፣ 750 ሲባል ለባለቤቱ ሁሉም፣ ለቡድኑ ማንበብና ማስኬድ ተፈቅዷል፤ ለሌሎች ምንም አልተፈቀደም ማለት ነው።

ሂሳችን የሚያተኩረው «ባለቤት» በሚለው ስያሜ ላይ ነው። ቃሉ ቀድሞውኑ ብዙ ሸክም አለበት፤ በሰዋስው የዓረፍተ ነገር ባለቤት፣ በኑሮ የትዳር ጓደኛ፣ በሕግ ደግሞ ንብረቱን ለመሸጥና ለመለወጥ ሥልጣን ያለው ሰው ነው። ችግሩ የሚነሣው ከዚህ ከመጨረሻው ፍቺ ነው። በሊኑክስ የፋይሉ «ባለቤት» ፈቃዶቹን መለወጥ ይችላል፤ ባለቤትነቱን ግን በራሱ ሥልጣን ለሌላ ተጠቃሚ ማስተላለፍ አይችልም፤ ይህ የሥርዓቱ የበላይ ተጠቃሚ ድርሻ ነው።

እንዲህ ላለው ውስን መብት አማርኛ ቃል አላጣም። በበየዳና በአካባቢዋ እንደ ሌላው የጎንደር ገጠር ሁሉ የቀድሞው ባለርስት መሬቱን በአባትም በእናትም ወገን ይወርስ ነበር። አዋጅ ቁጥር 31/1967 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ካደረገ፣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም መሸጥ መለወጡን ከከለከለ በኋላ ገበሬው በሕግ አነጋገር «ባለይዞታ» ነው፤ ያርሳል፣ ያወርሳል፣ በገደብ ያከራያል፤ አይሸጥም። በእኛ አስተያየት «የፋይል ባለይዞታ» ከ«ባለቤት» ይልቅ ለእውነቱ ይቀርባል። ማመሳሰሉ ግን ፍጹም አይደለም፤ ገበሬው ያወርሳል፣ ተጠቃሚው አያወርስም። «ይዞታ» «ሁኔታ» ማለትም ስለሆነ ስያሜው ዘወትር ከ«ፋይል» ጋር ተጣምሮ ይነገር።

«ፈቃድ» ግን ይጽና፤ ሰጪው መልሶ ሊነሣው ይችላልና «መብት» አይተካውም።

ከሁሉ የሚያሳስተው ለማኅደር የተሰጠው ስያሜ ነው። በማኅደር ላይ «ማስኬድ» ማለት በውስጡ ማለፍ ነው፤ «ማለፍ» ይባል። «መጻፍ» ደግሞ ስሞችን መጨመርና መሰረዝ ነው። ስለዚህ በማኅደሩ ላይ መጻፍና ማለፍ የተፈቀደለት ሰው፣ ልዩ ገደብ ካልተጣለ በስተቀር፣ ሊያነበው እንኳ ያልተፈቀደለትን የሌላ ሰው ፋይል ሊሰርዝ ይችላል። «ባለቤት ነኝና ማንም አይነካብኝም» ብሎ የተማመነ ሠራተኛ ሥራውን የሚያጣው በዚህ በር ነው። የስያሜ ስሕተት በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ አይቀርም።