ስለ ፈጠራ ነጻነትና ስለ ውለታ

በዚህ ዘመን ስለ ጥበብ በሚነገረው ሁሉ «ነጻነት» የሚለውን ያህል የሚወደድ፥ የዚያኑም ያህል ሳይመረመር የሚነገር ቃል ያለ አይመስለኝም። ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ አንድ የዲዛይን ተማሪ ትምህርቱን ሲፈጽም ለሕዝብ ያሳየው ሥራና ከሥራው አጠገብ የለጠፈው ጽሑፍ ነው። ሥራው በመኪና የታተመ ጨርቅ ሲሆን ስሙን «ከራሴ ብቻ» ብሎታል። በጽሑፉም ሦስት ነገር ይላል። አንደኛ፥ እውነተኛ ፈጠራ ከራስ ልብ ብቻ ይመነጫል፤ ሁለተኛ፥ የሌላውን ሥራ አብዝቶ ማየት የራስን ያበላሻል፤ ሦስተኛ፥ ደንብና ወሰን የፈጠራ ጠላት ናቸው። ወጣቱ ያመነበትን በግልጽ መናገሩ ያስመሰግነዋል። ነገር ግን አሳቡ የብዙ እኩዮቹ አሳብ ስለ ሆነ፥ ቃሉንና ሥራውን እያስተያዩ መመርመር ይገባል።

አስቀድሜ ለሥራው የሚገባውን ምስጋና ልስጥ። ቀለሙ በጥንቃቄ የተመረጠ ነው፤ በጥቁር ሰማያዊ መደብ ላይ ያረፈው ቢጫ ዓይንን ሳያደክም ይታያል። ቅርጹ ግን፥ ይኸውም አንዱ በሌላው ውስጥ የገባው ባለ አራት ማዕዘን፥ በመካከሉም መስቀል ያለበት፥ በሽሮ ሜዳ ሱቆች በተሰቀለው የሐበሻ ቀሚስ ጥለት ላይ ዘወትር የምናየው ነው። ተማሪው ዋሸ አልልም። ነጠላ በሚለበስበት ቤት አድጎ፥ ዓይኑ የለቀመውን ልቡ ሸሽጎ አቆይቶ፥ በኋላ ሲመልስለት የራሱ መስሎት ይሆናል። እንግዲህ «ከራሴ ብቻ» የተባለው ሥራ ራሱ በመጀመሪያው ቃል ላይ ይመሰክርበታል።

የሌላውን ማየት ያበላሻል የሚለውንም እንመልከት። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለደ፤ በወጣትነቱም በለንደንና በፓሪስ ተማረ። በፓሪስ ሳለ የፓውል ክሌን፥ የኩባውን ተወላጅ የዊፍሬዶ ላምን ሥራ በብርቱ ተመለከተ፤ ከዚህም ጋር ደብተሮቻችን በብራና ክታብ ላይ የሚሥሉትን ጠልሰም አልረሳም። ይህን ሁሉ ያየ ሰው የማንም ግልባጭ አልሆነም፤ ሥዕሉን ያየ ሁሉ የእስክንድር መሆኑን ይለያል። አፈወርቅ ተክሌም ትምህርቱን በለንደን ካደረገ በኋላ በአውሮጳ ቤተ መጻሕፍት የሚገኙትን የኢትዮጵያ የብራና ሥዕሎች አጥንቷል። በዚያው አቆጣጠር በ1961 በተከፈተው በአፍሪካ አዳራሽ የምናየው የመስተዋት ሥዕሉ፥ ስፋቱ 150 ካሬ ሜትር የሆነው፥ በብዙ ዘመን የአውሮጳ አብያተ ክርስቲያናት ያዳበሩትን ሙያ ለአፍሪካ ታሪክ ያዋለ ነው።

እኔ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የእጅ ጽሕፈት መምህራችን አንድ መሥመር በሰሌዳ ላይ ይጽፉና ሁላችንም ያንኑ ደጋግመን እንድንገለብጥ ያዙን ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ ግን ስም ያልተጻፈባቸው ደብተሮች ቢደባለቁ፥ የማን የማን እንደ ሆነ ለመለየት አያስቸግርም ነበር። መገልበጡ እጃችንን አሠለጠነው እንጂ አላጠፋውም። በዚህ ላይ ተማሪው እውነት ያለበት ነገር አለ፤ መገልበጥ መጨረሻ ከሆነ፥ መምህርም የሚሸልመው እሱን የመሰለውን ብቻ ከሆነ፥ ጥበብ ይሞታል። መጀመሪያ ከሆነ ግን ምግቧ ነው።

ሦስተኛው ነገር ስለ ወሰን ነው። በሸማኔ እቃ ላይ ድሩ በቁመት ማጉም በአግድም ስለሚሄድ፥ ሸማኔው በጥለቱ ክብ ላውጣ ቢል ደረጃ ደረጃ ይሆንበታል። ስለዚህ ክሩን በጣቱ እየቆጠረ ማዕዘኑን፥ መስቀሉንና የጥርስ ቅርጹን አገኘ። ውኃን ምን ያስጮኸዋል ቢሉ ድንጋይ እንደ ተባለው፥ ጥለቱን ውበት የሰጠው ያ ወሰን ነው። ተማሪው ግን በኮምፒዩተር ክቡንም ሞገዱንም እንደ ልቡ ማውጣት ሲችል የመረጠው ያንኑ ደረጃ ደረጃውን መሥመር ነው። ወሰን የሌለው እጅ ወሰን ካለበት እጅ ተበድሯል ማለት ነው።

ጉዳዩ የስም ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍሁም። ከጋሞ ደጋ የመጡት የዶርዜ ሸማኔዎች ቀናት የሚደክሙበትን ጥለት የማተሚያ መኪና በጥቂት ጊዜ ያወጣዋል፤ በርካሽም ይሸጣል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የሚጠብቀው አሳብን ሳይሆን አሳብ የተገለጠበትን ሥራ ነው። ከአባት ወደ ልጅ የወረደ ጥለት ግን መጀመሪያ ማን እንዳወጣው ስለማይታወቅ፥ ሸማኔው «የእኔ ነው» ብሎ ለመቆም ይቸገራል። የተማረውም ሰው «ከራሴ ብቻ» ብሎ ሲጽፍበት፥ ሸማኔው ገበያውንም ስሙንም በአንድ ጊዜ ያጣል። ሕግ ያልደረሰበትን ሕሊና ሊደርስበት ይገባል።

ስለዚህ ለዚህ ተማሪ የምመክረው ጥለቱን እንዲተው አይደለም። ሽሮ ሜዳ ይሂድ፤ ከሸማኔው ጎን ተቀምጦ ክሩ እንዴት እንደሚቆጠር ይይ። ከዚያም ሸማኔው በእቃው ሊያወጣው የማይችለውን፥ እሱ ግን የሚችለውን ያውጣ። ሥራውን ሲያሳይ ያስተማረውን ሰው ስም፥ ሰውየው ከፈቀደ፥ ከራሱ ስም በታች ይጻፍ፤ ጨርቁ ሲሸጥም ከዋጋው ያካፍለው።

እናንተም ወጣት አንባቢዎች፥ ድርሰትም ቢሆን ልብስም ቢሆን አንድ ሥራ በፈጸማችሁ ጊዜ፥ «ይህን ከማን አየሁት? ከማንስ ተማርሁት?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። መልሱ ብዙ ስም ቢሆን አትፈሩ። ስማቸውን በክብር ከጠራችሁ በኋላ፥ የእናንተ የሆነው ምን እንደ ሆነ ለራሳችሁም ለተመልካቹም ተለይቶ ይታያል።