ወይና ደጋ

የጉራጌዋ የእምድብር አየር ሲነሣ «ወይና ደጋ ነው» ይባልና ወሬው ወደ ሌላ ይዞራል። እኔ ይህን ቃል አብዝቼ እወደዋለሁ። «ወይን የሚበቅልበት ደጋ» እንደ ማለት ነው፤ አባቶቻችን የአየሩን ጠባይ በሙቀት መለኪያ ሳይሆን መሬቱ በሚያበቅለው ሰየሙት። በመማሪያ መጻሕፍት ልኩ ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ነው፤ እምድብር 2,100 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች።

እዚህ የወይኑን ቦታ እንሰት ይዞታል። ከጎጆው ጓሮ ሰፋፊ ቅጠሉን ዘርግቶ ለቡናው ጥላ ይሆነዋል፤ በደጅ በኩል ጀፎረ፣ ሣር የለበሰው ሰፊው የመንደር መንገድ፣ ተንጣልሏል። ወደ ጉመር ሽቅብ ሲወጡ ቡናው ይቀርና ገብሱና ባቄላው ይበዛል፤ ወደ ዋቤ ወንዝ ሸለቆ ሲወርዱ ደግሞ ሙቀቱ ይበረታል። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፤ ሁሉም በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ አለ።

በትምህርት ቤት እነዚህን ስሞች ለፈተና ሸምድደን አለፍናቸው። የጂኦግራፊ መምህራን ሆይ፣ እባካችሁ ልጆቹን ከክፍል አውጡና የጉመርን መንገድ በእግር አስኪዷቸው።