ዘላቂነቱ ይረጋገጣል

ባለፉት ሠላሳና አርባ ዓመታት በአገራችን አለ ማቋረጥ ሲጻፍ የኖረው የጽሑፍ ዓይነት የቱ ነው ብትሉኝ ግጥም አልላችሁም። ልብ ወለድም አልልም። ፕሮፖዛል ነው። አሳታሚ የለው፣ ሐያሲ የለው፤ ግን በየወረዳው ይጻፋል። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና፣ የሐያሲነቱን ሥራ ዛሬ እስቲ እኔ ልሞክረው።

የማወራው ስለ ትልልቆቹ የብድርና የርዳታ ሰነዶች አይደለም። መንግሥታት በኤምባሲዎቻቸው በኩል በቀጥታ ለአንድ መንደር፣ ለአንድ ትምህርት ቤት ወይም ለአንድ ማኅበር ስለሚሰጡት አነስተኛ ገንዘብ ነው። ጃፓን ከ1989 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እንዲህ ያለ ርዳታ ትሰጣለች፤ ጣሪያው ለረጅም ጊዜ በመርህ ደረጃ 10 ሚሊዮን የን ሆኖ ቆይቷል። አሜሪካም በአምባሳደሮቿ በኩል «ራስ አገዝ» የሚባል ፈንድ ስትሰጥ ኖራለች። ካናዳና አውስትራሊያም የየራሳቸው አላቸው። መማሪያ ክፍል፣ ጤና ጣቢያ፣ የውሃ ጉድጓድ የሚሠራበት ገንዘብ ነው።

የሚመሰገነውን አስቀድመን እናመስግን። ይህ ገንዘብ ብዙ እጅ አይነካውም። የኤምባሲው ሰው ራሱ ቦታው ድረስ ሄዶ ያያል። ውሃ ፍለጋ ግማሽ ቀን ስትጓዝ የኖረች እናት ደጃፏ ላይ ስትቀዳ አይቶ «ይቺ ደግሞ ምን ትጠቅማለች» የሚል ሰው፣ እሱ እንስራ ተሸክሞ አያውቅም ማለት ነው።

ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው? ቅጹ ላይ ነው። በተለይ «ዘላቂነት» የምትባለዋ ቦታ ላይ። ለጋሹ ግድግዳውንና ፓምፑን ይገዛል፤ ደመወዝና ማስኬጃ ግን አይከፍልም። ምክንያቱ እንዲሁ የሚናቅ አይደለም። ደመወዝ የሚከፍል ለጋሽ በሄደ ማግሥት ሥራው ይቆማል፤ ስለዚህ ባለቤቶቹ ከወዲሁ ይልመዱት ነው ነገሩ። አመልካቹም ነገ በምን እንደሚያስኬደው እንዲያስረዳ ይጠየቃል። ብዙውን ጊዜ የሚሞላው እንዲህ እየተባለ ነው፦ ሥልጠና ይሰጣል። ግንዛቤ ይፈጠራል። ኮሚቴ ይቋቋማል። ዘላቂነቱም በኅብረተሰቡ ይረጋገጣል።

ግሶቹን ልብ በሉልኝ። ሁሉም ተገብሮ ናቸው። ማን ይሰጣል? ማን ያቋቁማል? የሰዋስው መምህራን «ባለቤት» የሚሉት ነገር እዚህ የለም። «ኅብረተሰቡ» ደግሞ ስም የለውም፣ ስልክ የለውም፣ ፓምፑ ሲቆም «ና» ተብሎ አይጠራም። ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር ባለቤት የሌለው ፓምፕ ይወልዳል።

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። የገጠር ውሃ አቅርቦት ላይ የሚሠራ አንድ ዓለም አቀፍ ኔትወርክ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ግምት፣ ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች ከእጅ ፓምፖች 36 በመቶ ያህሉ አይሠሩም ነበር። ሁሉም በትንንሽ ርዳታ የተተከሉ አይደሉም። ግን የሚያቆማቸው ነገር ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው፦ ያለቀች ጎሚኒ፣ የተሰበረ ዘንግ፣ መለዋወጫው የሚገኝበት ሩቅ ከተማ፣ ያልተዋጣ ገንዘብ። አንዳንዱ ለጋሽ ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ያያል። ማየት ግን ጎሚኒ አይገዛም። ያቺ እናት ወደ ድሮው ወንዝ ትመለሳለች፤ ልጅቷም አብራት፣ ደብተሯን አስቀምጣ።

መጠበቅ አናውቅ ይሆን እንዴ? ኧረ እናውቃለን። ዕድርን እዩ። ድንኳኑ የት እንደሚቀመጥ፣ ቁልፉን ማን እንደሚይዝ፣ ብርጭቆ የሰበረ ምን እንደሚከፍል ተወስኖ ያደረ ነው። ዕድር «ክፍያ ይፈጸማል» አይልም፤ «ጋሽ እገሌ፣ የሁለት ወር አለብዎት» ነው የሚለው። እርግጥ ዕድር ጥልቅ ጉድጓድ አያስቆፍርም። የውጭው ገንዘብ የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው። ግን ቅጹን ስንሞላ ይህን የምናውቀውን ቋንቋ ትተን የማናውቀውን እንዋሳለን። የሰው ወርቅ አያደምቅ!

ጥፋቱ የጸሐፊው ብቻ አይደለም። ይህን ተገብሮ ዓረፍተ ነገር አንብቦ ነጥብ የሚሰጠው ለጋሹ ነው። «ጎሚኒ ለመግዛት በወር ከየቤቱ ብር እናዋጣለን፣ የማይከፍል ግን አይጠፋም» ብሎ እውነቱን የጻፈ መንደር ይወድቅ ይሆናል የሚል ስጋት ስላለ፣ ሁሉም ያማረውን ይጽፋል። ወረዳውም «ባለሙያ እመድባለሁ» ብሎ ማኅተሙን ያሳርፋል፤ በጀት ይኑረው አይኑረው ሌላ ጉዳይ ነው።

ደግሞስ ዘላቂነትን ከመንደር የሚጠይቀው ራሱ ዘላቂ ነው? እ.ኤ.አ. በ1961 የተቋቋመው ዩኤስኤአይዲ ጁላይ 1 ቀን 2025 ሥራውን ሲያቆም፣ «ከአሜሪካ ሕዝብ» የሚሉት ሰሌዳዎች በየቦታቸው ቆመው ቀሩ። ዓለምን ያዳረሰ ድርጅት ያልቻለውን፣ አምስት ሰዎች ያሉበት የውሃ ኮሚቴ በሦስት መስመር እንዲያረጋግጥ ይጠበቃል።

እኔ የምለው ርዳታው ይቅር አይደለም። ከገንዘቡ ላይ ጥቂቱ ለጥገና ተቆርጦ በመንደሩ ስም ባንክ ይግባ፤ ለምርቃቱ ድግስ የሚወጣው ቢቀንስም ማንም አይሞትም። ቅጹ ላይም «ዘላቂነት» የምትለዋ ቃል ትውጣና በቦታዋ ይህ ይጠየቅ፦ ባለፈው ዓመት በመንደራችሁ ምን ተበላሸ? ማን ጠገነው? ገንዘቡን እነማን አዋጡ?

ይህን ጥያቄ በተገብሮ መመለስ አይቻልም።