አስተናግር የበላ ፈረስና ማርከሻው

የአገራችን መድኃኒት ዐዋቂዎች ኃይለኛ መድኃኒት ሲያጠጡ ማርከሻውን አብረው ያሰናዳሉ፤ ጠጪውን ከልክ በላይ ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠውም ወተት ወይም የተነጠረ ቅቤ ይሰጡታል። ይህ የሚያለዝብ ምግብ ነው። በከብት ሐኪምነት ሙያዬ ሲያስደንቀኝ የኖረው ግን ሌላው የማርከሻ ዐይነት፣ ይኸውም የአንዱን ዕፅ መርዝ በሌላው ዕፅ መርዝ መግታት ነው፤ በዚህ ጊዜ ሐኪሙ በእጁ የያዘው ራሱ ገዳይ ነውና፣ ጥበቡ ሁሉ ልክን በመጠበቅ ላይ ያርፋል።

አስተናግር፣ በሌላ ስሙ ዕፀ ፋርስ፣ በአጥር ሥርና በአውድማ ዳር ያለ ዘሪ የሚበቅል አረም ነው። ለምለሙን እንስሳት ስለ ክፉ ሽታው ይሸሹታል፤ ዘሩ ከገብስ ጋር ተወቅቶ ወይም ቅጠሉ ከድርቆሽ ጋር ታጭዶ ሲቀርብላቸው ግን ሳያውቁት ይበሉታል። እንዲህ ያለ ፈረስ ሲመጣልኝ አስቀድሜ ዐይኑን ወደ ብርሃን አዞራለሁ፤ ብሌኑ ሰፍቶ ዙሪያው ያለው ቀለም እንደ ክር ቀጥኖ አገኘዋለሁ፤ ጣቴን በድዱ ላይ ባሳርፍ እርጥበት የለም፤ ጆሮዬን በጎኑ ባስጠጋ ማጕረምረም የሚገባው አንጀቱ ዝም ብሏል፤ በጤናና በዕረፍት ጊዜ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 የሚመታው የመንጋጋ ሥር ትርታም እስኪያደናግር ድረስ ይፈጥናል።

የዚህ መርዝ ባላጋራ የተገኘው ከሩቅ ነው። ዛሬ በናይጄሪያ በምትገኘው በካላባር፣ የኤፊክ ሰዎች በጥንቆላ የተከሰሰውን ለመፈተን የሚያበሉት እሴሬ የተባለ ባቄላ ነበረ፤ ካስመለሰው ንጹሕ፣ ከሞተ በደለኛ ይባላል። የኤድንበርጉ ሊቅ ሮበርት ክሪስቲሰን እ.ኤ.አ. በ1855 ከዚሁ ጥቂት ቀምሶ በብርቱ ታመመ። በ1864 ክላይንቬክተር የተባለ ሐኪም በፕራግ ከተማ በአስተናግርም ውስጥ ያለውን መርዝ፣ አትሮፒንን፣ ጠጥተው የተመረዙ እስረኞችን ከባቄላው በተነጠረ መድኃኒት ለማከም ሞከረ፤ በ1872 ደግሞ ቶማስ ፍሬዘር ሁለቱን መርዞች በጥንቸሎች ላይ እያጋጠመ፣ አንዱ ሌላውን የሚገታው በተወሰነ ልክ ውስጥ ብቻ መሆኑን አስረዳ። (ጥንቸልን መምረጡ ሁልጊዜ ፈገግ ያሰኘኛል፤ ከጥንቸሎች አንዳንዶቹ አትሮፒንን የሚሰባብር ኢንዛይም በሰውነታቸው ስላለ፣ ለሌላው እንስሳ ሞት የሆነውን ቅጠል በልተው በደኅና ያድራሉና፣ በጥንቸል የተለካ ልክ ለፈረስ አይሆንም።) ምሥጢሩ የተገለጠው በኋላ ዘመን ነው፤ አትሮፒን አሴቲልኮሊን የተባለው የነርቭ መልእክተኛ የሚያርፍበትን ስፍራ ይቀማል፤ ከእሴሬ የሚገኘው ፊዞስቲግሚን ግን ያንኑ መልእክተኛ የሚያፈርሰውን ኢንዛይም ስለሚያስር፣ መልእክተኛው በዝቶ ስፍራውን ያስመልሳል።

ይሁን እንጂ ፊዞስቲግሚን በየመድኃኒት ቤቱ የሚገኝ አይደለም፤ ቢገኝም ለሁሉ አይሰጥም። ብዙው ፈረስ የተበከለው መኖ ተወስዶበት፣ በጥብጠን ያጠጣነው ለመድኃኒት የተሰናዳ ከሰል መርዙን በሆዱ ውስጥ ይዞለት፣ ጨለም ባለ ጋጥ ጸጥ ብሎ ከሰነበተ ይድናል። ልቡ ከመጠን በላይ ሲፈጥንና ራሱን እስኪጎዳ ሲታወክ ብቻ ፊዞስቲግሚኑን በደም ሥር ቀስ እያልኩ አስገባለሁ፤ ያን ጊዜም አትሮፒን የተሞላ መርፌ ከጎኔ አይለይም፤ እሴሬ ሲበዛ ልብን ያዘገያል፣ የአየር ቧንቧን ያጠብባል፣ መመለሻውም ያው የአስተናግር መርዝ ነው። በመዥገር መድኃኒት፣ በዲያዚኖን ለተመረዘው በሬ የምንወጋውም እርሱኑ ነው።

ከባለቤቱ ጋር የምንከራከረው ከዚህ በኋላ ነው። ፈረሱ ረግቶ ሲያይ፣ «ዶክተር፣ ዳነ እኮ፤ ልውሰደው?» ይለኛል፤ ነገር ግን የፊዞስቲግሚን ኃይል ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሲያልቅ በአንጀት የቀረው ዘር መርዙን መልቀቁን አይተውምና፣ ሁከቱ ተመልሶ ሊነሣ ስለሚችል አላሰናብተውም። ብሌኑ እስኪጠብ ድረስ ልጨምር የሚል ወጣት ሐኪም ቢኖር እጁን እይዘዋለሁ፤ ትርታው ዝግ ካለና እንስሳው ከተረጋጋ ይበቃል፤ ምራቁ መዝረብረብ ከጀመረ ልኩ ታልፏል።