የጎንደር ፖስታ ቤት ሕንፃ

ስለ ጎንደር ኪነ ሕንፃ የሚጽፉ ሊቃውንት ከፋሲል ግቢ ወጥተው ፒያሳ ሲደርሱ ብዙውን ጊዜ ብዕራቸውን ይከድናሉ፤ «የጣልያን ሥራ ነው» ብሎ ማለፍ ልማድ ሆኗል። ፖስታ ቤቱ ግን በዚህ አንድ ቃል ተመርምሮ የሚያልቅ ቤት አይደለም።

የጣልያን ጦር ጎንደርን የያዘው በመጋቢት 1928 ዓ. ም. ነው። የከተማዪቱን ፕላን ያወጣው ጌራርዶ ቦዚዮ የተባለ የፍሎሬንስ አርክቴክት የጣልያኖችን ሰፈር ከአገሬው ሰፈር ለየ። ፖስታ ቤቱ በአውራው መንገድ አናት ላይ ቆመ፤ በመንገዱ ሌላ ጫፍ የነገሥታቱ ግቢ አለ። ጌጥ የራቀው ግድግዳ ከጥንቱ ግንብ ጋራ ፊት ለፊት እንዲተያይ መደረጉ በአጋጣሚ አይደለም፤ አዲሱ ገዢ ራሱን የፋሲል ወራሽ አድርጎ ማሳየቱ ነው። አቀማመጡ ብልህ መሆኑን አልክድም፤ ሐሳቡ ግን ትዕቢት ነው።

ይሁን እንጂ ያ አገዛዝ በጎንደር እስከ ኅዳር 1934 ዓ. ም. ብቻ ቆየ፤ ስድስት ዓመት እንኳ አልሞላም። ፖስታውም ቢሆን የጣልያን ስጦታ አይደለም፤ ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ. ም. አቋቁመውታል፤ ኢትዮጵያም በ1901 ዓ. ም. የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆናለች።

ሌላም ነገር አለ። በአገራችን ደብዳቤ ቤት ድረስ አይመጣም፤ ባለቤቱ ነው ወደ ሣጥኑ የሚሄደው። ስለዚህ ፖስታ ቤት የመገናኛ ስፍራ ነው። የሣጥን ቁልፍ ይዞ የሚመላለስ ሰው፥ የሌላውን መልእክት ተቀብሎ የሚያደርስ ጎረቤት፥ ከደጁ ቆሞ ደብዳቤ የሚያስነብብ አባት፥ እነዚህ በቦዚዮ ፕላን ላይ አይገኙም። የሕንፃው ታሪክ የሚጻፈው እነርሱን ጨምሮ ነው።