መጽሐፉን ለማን ልስጠው?

«ይህ መጽሐፍ ጥሩ ነው?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ጥቂት ነው። ካዛንቺስ ውስጥ፣ ከዑራኤል እስከ መናኸሪያ ባለው ሰፈር፣ ልቦለድ እያነበብኩ አስተያየት እንደምጽፍ የሚያውቁ ሰዎች መንገድ ላይ የሚያስቆሙኝ በሌላ ጥያቄ ነው። እናት ትሆናለች፤ «ለልጄ የሚሆን ምን አለ? ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ስልክ ላይ ተጥዶ ይውላል» ትለኛለች። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ይሆናል፤ «ጋሼ፣ የማይደብር ነገር የለም?» ይላል። ከተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን (ኢሲኤ) ጡረታ የወጡ አዛውንት ይሆናሉ፤ እሳቸው ደግሞ የዘንድሮ ጽሑፍ እንደ ድሮው እንዳልሆነ አስቀድመው ከፈረዱ በኋላ ነው የሚጠይቁት። ሦስቱም ብይን አልፈለጉም፣ የሚሆናቸውን መጽሐፍ እንጂ። በየጋዜጣው የሚወጣው የመጽሐፍ ግምገማ ግን አብዛኛው ለደራሲውና ለሌላ ገምጋሚ የተጻፈ ይመስለኛል። እኔ አንድ ልቦለድ ስገልጥ መጀመሪያ የምጠይቀው ማን ሊያነበው እንደሚችል ነው። ብርታቱንና ድካሙን የምመዝነው ከዚያ በኋላ ነው።

መጽሐፍ መደብር ብትገቡ የልጆች መጽሐፍ አንድ ጥግ አለው፤ የቀረው ሁሉ የአዋቂ ነው። መሀል ላይ ላለው፣ ድምፁ መጎርነን ለጀመረው ልጅ ተብሎ የተለየ መደርደሪያ እምብዛም አይታይም። ይህ የመጣው ከታሪካችን ነው። በ1900 ዓ.ም. የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፍ ሮም ላይ ታትሞ የአማርኛ ልቦለድ ሲጀመር፣ የልጅ ድርሻ ተረት ነበር፣ ያውም በቃል፣ ያውም ማታ እሳት ዳር። ከዚያ ሬዲዮ መጣ። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት ሲተርከው አያትና የልጅ ልጅ አንድ ሬዲዮ ከበው ሰሙት። ለዕድሜው አይመጥንም ብሎ ልጁን ወደ ጓሮ የላከ ወላጅ የነበረ አይመስለኝም። የእኛ አገር ጎረምሳ ዛሬም ከተረት ተነሥቶ በአንድ ዝላይ የዚህ ልቦለድ ባለታሪኮች በዛብህና ሰብለ ወንጌል ዘንድ ይደርሳል። ደግሞ ብዙዎቹ በእርግጥ ይደርሳሉ፤ ስለዚህ ነገሩን እንደ ጉድለት ብቻ አላየውም። ባይደርሱም ግን ጥፋቱ የእነሱ አይደለም፤ መሀል ላይ ድልድይ አልሠራንላቸውም።

ከሦስቱ ለመገምገም የሚከብደኝ የልጆች መጽሐፍ ነው። ገጹ ትንሽ ስለሆነ ሰው እንደ ቀላል ያየዋል፤ ጋዜጦችም ቦታ አይሰጡትም። የሆሄ የሥነ ጽሑፍ ሽልማት የልጆች መጻሕፍትን ከረጅም ልቦለድና ከግጥም እኩል አቁሞ መሸለሙ ደስ ያሰኘኝ ለዚህ ነው። የልጆችን መጽሐፍ በዓይኔ ብቻ አንብቤ አልጽፍም። ጮክ ብዬ አነበዋለሁ፣ ከዚያ ለልጅ እሰጠዋለሁ፤ እሱ ሲያነብ እኔ የት ላይ እንደሚደናቀፍ እከታተላለሁ። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ ደራሲው «የ» በ«የ» ላይ እየደራረበ ዓረፍተ ነገሩን ካስረዘመው የሰባት ዓመት ልጅ አራት ነጥቡ ጋ ሲደርስ ማን ምን እንዳደረገ ረስቶታል። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አያሳይም። አዋቂ ከሐሳቡ ፍሰት ይለየዋል፤ ጀማሪ አንባቢ ግን «ይበላል» የሚል ሲያይ ጅቡ በሊ ይሁን ተበሊ ግራ ገብቶት ይቆማል። ሙያውን የሚያውቅ የልጆች ደራሲ ቀደም ብሎ ፍንጭ ያስቀምጣል፣ ወይም ሌላ ግሥ ይመርጣል። እንዲህ የሚጠነቀቅ ደራሲ ሳገኝ ዋናውን ምስጋና ለዚህ እሰጣለሁ፤ ወላጅ የማያየው ልፋት ስለሆነ ሌላ የሚናገርለት የለም።

ሰዎቹ እንዴት እንደሚጠራሩም አያለሁ። የሰፈር ልጅ ጎረቤቱን ሽማግሌ በባዶ ስማቸው ጠርቶ «አንተ» ካላቸው፣ ታሪኩ ከሌላ ቋንቋ ተገልብጦ መምጣቱን ለማወቅ ሽፋኑን ማየት አያስፈልገኝም። ሥዕሉም እንደዚያው ነው። ስለ ገና በሚተርክ አንድ መጽሐፍ ውስጥ ጣሪያው ላይ በረዶ የተቆለለ ቤት ያየች ልጅ «እዚህ ቤት ላይ ጥጡን ማን ደፋው?» ብላኛለች። የእኛ ገና ጠራራ ፀሐይ ነው፤ ልጆች ቆዳቸው እስኪነድ ድረስ ሜዳ ላይ ዱላ ይዘው የሚሯሯጡበት።

የልጆች መጽሐፎቻችን ዋና ሕመም ግን ምክር ነው። ተኩላው ከተያዘ፣ ሰነፉ ከተቀጣ በኋላ ደራሲው ራሱ ብቅ ብሎ ልጆች ምን መማር እንዳለባቸው ይዘረዝራል። ይህን ልማድ ከአባባ ተስፋዬ የወረስነው ይመስለናል። ተስፋዬ ሣህሉ በ2009 ዓ.ም. ያረፉት፣ ለአሥርት ዓመታት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ሲነግሩ ኖረው ነው፤ እውነት ነው፣ ምክር አይጠፋቸውም ነበር። እኛ ግን ቴሌቪዥኑ ፊት አፋችንን ከፍተን የተቀመጥነው ለምክሩ አልነበረም፤ አንበሳውን በአንድ ድምፅ፣ ጦጣዋን በሌላ ድምፅ፣ እጃቸውንም ዓይናቸውንም እያዋጉ ስለሚያመጧቸው ነው። የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» ምክር የሞላበት ሆኖ ሳለ በቃል የተያዘው ዜማው ስለሚስብ ነው። ከኋላ የመጡት ብዙዎቹ ምክሩን ወሰዱና ድምፁን ተዉት። ልጅ ደግሞ እንደ አዋቂ ይሉኝታ የለውም፤ ሲሰለቸው ተነሥቶ ኳሱን ያነሣል።

ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ የተባሉት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሳን ፍራንሲስኮ ሲሠሩ፣ በሌሎች ቋንቋዎች የልጆች መጽሐፍ እያለ በአማርኛ ማጣታቸው ነው ስለ ሞኙ ማሞ የሚተርከውን መጽሐፍ ያስጻፋቸው። ኋላም አገር ቤት ተመልሰው በ1995 ዓ.ም. ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ ሐዋሳ ላይ መጽሐፍ በአህያ ጋሪ አዙረዋል። የሌለ መጽሐፍ መጥፋቱን ማየትም ግምገማ ነው። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ወደ ጎረምሶቹ ስመጣ የምጠቀምበት ሚዛን ሌላ ነው። ድሮ በየሰፈሩ መጽሐፍ የሚያከራዩ ሱቆች ነበሩ፤ ቂርቆስም አካባቢ፣ ካዛንቺስም። የተከራየ መጽሐፍ ራሱ ግምገማ ነበር። የማሞ ውድነህ የስለላ ትርጉሞችና የይልማ ሀብተየስ የወንጀል ምርመራ ልቦለዶች ከዳር እስከ ዳር በምራቅና በጣት ወዝ ጠቁረው ይመጡ ነበር። አንዳንዱ «ቁም ነገር ያለው» የሚባል መጽሐፍ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ገጾች ወይበው የቀረው እንደ አዲስ ነጭ ነው። የሲሳይ ንጉሡን «ሰመመን» የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች የሚያነቡት ዩኒቨርሲቲን ሳይገቡ ለመቅመስ ነበር፤ ለፍቅሩ ብቻ አልነበረም። ዛሬ ሱቁ የለም፣ ቴሌግራም አለ፤ ልጁ ፒዲኤፍ ያወርድና ደራሲው አምስት ሳንቲም ሳያገኝ ልቦለዱ ያልቃል። እንዲህ የሚያደርገውን ጎረምሳ ተቆጥቼው አላውቅም፤ ከወደደው ግን ሁለተኛውን መጽሐፍ ከአዟሪ እንዲገዛ አግባባዋለሁ።

በ2001 ዓ.ም. የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ሲወጣ ሥነ ጽሑፍ የተማሩ ወዳጆቼ ናቅ አድርገውት ነበር። ጣና፣ ምስጢር፣ ስለላ፣ ሳይንስ፣ ሁሉም በአንድ ድስት! ገጸ ባሕርያቱ አብዛኞቹ ሊቅ መሆናቸውና ሲያወሩ ንግግር የሚያደርጉ መምሰላቸው ለእኔም አይመቸኝም። ነገር ግን መጽሐፉ የገባው ቃል ምን ነበር ብዬ ስጠይቅ፣ ልብ እያንጠለጠለ ሌሊቱን ላስነብብህ ነው ያለው፤ አስነብቧል። ከዚያ በፊት መጽሐፍ ጨርሰው የማያውቁ ልጆች ጨርሰውት ተከታዩን «ራማቶሓራ»ን ፍለጋ ሲዞሩ አይቻለሁ። ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ የተስማማን መጽሐፍ በአርባ ዓመት ሰው ሚዛን ሰፍሮ ጎደለ ማለት ሚዛኑን አለማወቅ ነው። ገምጋሚው መልካም የሚሠራው «ይህን ከወደድከው ቀጥሎ ምን አንብብ?» ለሚለው መልስ ሲያዘጋጅ ነው። እኔ ከዚህ በኋላ የምሰጠው የበዓሉ ግርማን «ከአድማስ ባሻገር» ነው። ደመወዙን ትቶ ሥዕል ልሣል የሚለው አበራ ወርቁ፣ ቤተሰቡ ሐኪም ወይም ኢንጂነር እንዲሆን የሚጠብቁት ልጅ ሲያነበው ጎረቤቱ ይሆንበታል።

የዚሁ የበዓሉን «ኦሮማይ» ግን ለጎረምሳ ስሰጥ ዝም ብዬ አልሰጥም። በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ወዲያው ከገበያ የተለቀመ፣ ደራሲው በ1976 ዓ.ም. እንደወጣ የቀረበት መጽሐፍ መሆኑን ልጆቹ ቀድመው ይሰማሉ፤ ከዚያ የሚያነቡት እንደ ክስ መዝገብ ነው። «ይሄ ሰውዬ በእውነት ማን ነበር?» እያሉ እያንዳንዱን ስም ያሳድዳሉ። የአሥመራው ምሽት፣ ፊያሜታ ጊላይ፣ ጋዜጠኛው ጸጋዬ ከራሱ ጋር የሚሟገተው ሙግት ሁሉ ያመልጣቸዋል። ስለዚህ በግምገማ ስጽፍ የደራሲውን መጨረሻ መጨረሻ ላይ አኖረዋለሁ።

የአዋቂዎቹን ልቦለድ መገምገም በቴክኒክ ደረጃ ይቀለኛል፣ በሰው ደረጃ ግን ፈተና ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የሚጽፈውም የሚገመግመውም አንድ ቡና ቤት ይቀመጣል። የመጽሐፍ ምረቃ ላይ እንደ ሠርግ ቤት ሁሉም ያመሰግናል፤ ጀርባ ሽፋኑ ላይ የታወቁ ሰዎች ሙገሳ ሰፍሯል፤ ከሳምንት በኋላ ደራሲው ደውሎ «አየኸው?» ይላል። መንገዴ አንድ ነው። ያልወደድኩትን ክፍል ገጹን ጠቅሼ፣ ሌላ ሰው ከፍቶ ሊከራከረኝ በሚችልበት ሁኔታ እጽፋለሁ። «ጥልቀት ይጎድለዋል» የሚል ዓረፍተ ነገር ከእኔ አይወጣም፤ ማንም ሊያስተባብለው የማይችል ነገር ግምገማ አይሆንም። እንደ አዳም ረታ ያለ ደራሲ ሲሆን ደግሞ አንባቢውን አስቀድሜ አስጠነቅቃለሁ፦ ይህ ታክሲ ውስጥ የሚነበብ አይደለም፣ የግርጌ ማስታወሻውን አትዝለል፣ ግማሽ ላይ ብትጠፋ ደግሞ የጠፋኸው ደራሲው እንድትጠፋ ስለፈለገ ሊሆን ይችላል። አዛውንቱ የኢሲኤ ጡረተኛ «ግራጫ ቃጭሎች»ን በዚህ ማስጠንቀቂያ ወስደው፣ መልሰው ሳያመጡልኝ ቀሩ። ጥሩ ምልክት ነው።

በ2017 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስ ደርሶ ቤቶች ሲፈርሱ መጽሐፍ የምሞክርባቸው ልጆች ከቤተሰቦቻቸው ጋር ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማዋ ዳርቻዎች ሄዱ። ሥራው አልቆመም፣ መልኩን ቀየረ እንጂ። ገጹን ፎቶ አንሥቼ እልካለሁ፣ እነሱ በቴሌግራም ድምፅ ቀድተው ያነቡልኛል፤ የሚደናቀፉበት ቦታ እንዲያውም ጎልቶ ይሰማል፣ ደግሞ መልሼ ማዳመጥ እችላለሁ። ከመካከላቸው አንዷ «ቤት የቀየረች ልጅ ያለችበት መጽሐፍ አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። መደብሩንም አዟሪውንም ጠይቄ የምሰጣት የአማርኛ መጽሐፍ አላገኘሁም። ጓደኞቿ በአምስት አቅጣጫ የተበተኑባት፣ አዲሱ ትምህርት ቤት ውስጥ የማንንም ስም የማታውቅ ልጅ ታሪክ ለደራሲ የተዘጋጀ ነው። ይህን በዓምዴ ላይ ጽፌዋለሁ፣ ያልተጻፈ መጽሐፍ ግምገማ አድርጌ።

አንድ ነገር እስካሁን ያከራክረኛል፦ ልጆቹ የወደዱትን እኔ ስጠላ። በቅርቡ ስለ አንዲት ተናጋሪ ፍየል የሚተርክ መጽሐፍ ደረሰኝ። ግጥሙ ቤት አይመታም፣ ሥዕሉ ከገጽ ገጽ ፍየሏን ይለዋውጣታል፣ ስፌቱ ወዲያው ይበተናል። ልጆቹ ግን እየደጋገሙ አስነበቡኝ፤ ፍየሏ ባለሥልጣኑን ስትዋጋው በሳቅ ይንከባለላሉ። ግምገማውን በሁለት አንቀጽ ጻፍኩት፣ የእነሱን ከላይ፣ የእኔን ከታች፤ ከስድስት እስከ ስምንት ዓመት፣ ጮክ ብሎ የሚያነብ አዋቂ ካለ የሚል ጨመርኩበት። አዘጋጁ ቦታ ጠበበኝና አንዱን ቁረጥ አለኝ። የእኔን ቆረጥኩ። የስፌቱን ነገር ብቻ አስቀረሁ፤ ገንዘብ አውጥቶ የሚገዛው ወላጅ ነው።